ያልታመመው ሰው ካርድ

ከሁለት መቶ አሥራ አንድ ካርድ የጠፋው አንድ ብቻ ነው።

ሚስስ ቶሊቨር ሰኞ ማለዳ ቢሮአቸውን ከፍተው ሲገቡ የብረት ካቢኔቱን ሦስተኛ መሳቢያ ከንፈሩ ተጣሞ አገኙት። ካቻቢቴ ገብቶበታል። ኮታቸውን ሳያወልቁ ቁጭ ብለው ካርዶቹን አንድ በአንድ ቆጠሩ። ሠላሳ አንድ ዓመት የትምህርት ቤት ጸሐፊ የሆነ ሰው ፖሊስ ከመጥራቱ በፊት ይቆጥራል። ከዚያ ስልኩን አነሱ።

"ማርጆሪ፣ ልጄ፣ ቶሎ ነይ። ካዝን ሰረቁብን!"

"ሚስተር ካዝን? ሰውየውን?"

"ሰውየውማ ደጅ በረዶ እየዛቀ ነው። ካርዱን ነው እንጂ!"

መርማሪ ሳጅን ማርጆሪ ቴዴስኮ ጎረቤቴ ናት። በፔንዊክ ፖሊስ ጣቢያ ያለችው መርማሪ እሷ ብቻ ስለሆነች የከተማው ምርጥ መርማሪ ናት። እንዲህ ስላት አትወድም። ከዚያ በፊት የያዘችው ትልቁ ጉዳይ በገና ሰሞን ከቤተ ክርስቲያን ደጃፍ የተሰረቀች የፕላስቲክ ግመል ነበረች። ግመሏ አሁንም አልተገኘችም።

ይሄኛው ግን ግመል አይደለም። ካዝ ማለት ካዚሚር ዶብሮስኪ ናቸው። ሠላሳ ስምንት ዓመት የትምህርት ቤቱን ቦይለር ያነደዱ፣ ወለሉን የወለወሉ፣ የልጆቻችንን ማስታወክ በመጋዝ ብናኝ የሸፈኑ ሰው ናቸው። ሌላው ከተማ የኳስ ቡድን አለው፣ እኛ ካዝ አሉን። አንድም ቀን ታምመው ቀርተው አያውቁም። በዓመት አሥራ ሁለት ቀን የሕመም ፈቃድ፣ በሠላሳ ስምንት ዓመት አራት መቶ ሃምሳ ስድስት ቀን ይሆናል፤ አንዱም አልተነካ። ይህ ሁሉ የተጻፈው በዚያች ሰማያዊ ካርድ ላይ ነው።

በወሩ መጨረሻ ጡረታ ሊወጡ ነው። ላልተነኩት ቀኖች የሚከፈለውን ገንዘብ በኛ በኒው ጀርሲ "የጀልባ ቼክ" ይሉታል፣ ጡረተኛ ሁሉ ጀልባ የሚገዛ ይመስል። የትምህርት ቦርዱ ደግሞ ሐሙስ ማታ ተሰብስቦ ክፍያው ለማንም ከአሥራ አምስት ሺህ ዶላር እንዳይበልጥ ድምፅ ሊሰጥ ነው። ኦዲተሩ በበኩሉ "ዋናውን ካርድ በዓይኔ ካላየሁ የአንድ ቀንም አልከፍልም" ብሏል። ርእሰ መምህሩ ደግሞ ካርዷን በዚያው ስብሰባ አስነብቦ፣ በመስታወት አስገብቶ፣ መግቢያው ላይ ሊሰቅላት ነበር። እንግዲህ ካርዷ ከጠፋች የካዝ ሠላሳ ስምንት ዓመት አብሮ ጠፋ ማለት ነው።

ማርጆሪ መሳቢያውን አየች፣ በሩን አየች፣ መስኮቶቹን አየች።

"በሩ አልተሰበረም።"

"የበሩ ቁልፍማ ከአስተማሪ እስከ አውቶቡስ ሹፌር፣ ከቦርድ አባል እስከ ወጥ ቤት ሁሉም አለው።"

"አላርሙስ?"

አላርሙ እሑድ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ከአምስት ጠፍቶ ለዘጠኝ አሥር ጉዳይ ላይ ተመልሶ በርቷል። በምስጢር ቁጥሩ ነው የጠፋው።

"ቁጥሩን የሚያውቀው ማን ነው?"

"አንድ ዘጠኝ ሦስት አንድ ነው" አሉ ሚስስ ቶሊቨር። "ትምህርት ቤቱ የተሠራበት ዓመት። ከበሩ በላይ ድንጋዩ ላይ ተቀርጿል።"

"ስለዚህ የሚያውቀው…"

"ማንበብ የሚችል ሁሉ።"

ማርጆሪ ተነፈሰች። "የመሳቢያው ቁልፍስ?"

ሚስስ ቶሊቨር አንገታቸው ላይ ያለውን ክር ጎተት አደረጉ። "አንድ ብቻ ነው። ከኔ ጋር ገላውን ይታጠባል። በዚህ ሕንፃ ውስጥ ካዝ እንኳ የሌላቸው ቁልፍ ይሄ ነው።"

ለኬክ ሽያጭ የተሰበሰበው ገንዘብ ከነቆርቆሮው መስኮቱ ሥር ተቀምጧል። ማንም አልነካውም።

ካዝን ደረጃው ላይ ጨው ሲበትኑ አገኘቻቸው። ማርጆሪ የስምንት ዓመት ልጅ ሆና ጭንቅላቷን የደረጃው ብረት መሀል ከታ አልወጣ ሲላት፣ በምግብ ዘይት አሽተው ያወጧት እኚሁ ሰው ናቸው። ሳጅን ከሆነች በኋላም ሲያገኟት መጀመሪያ የሚያዩት ጆሮዎቿን ነው።

"ሚስተር ካዝ፣ ካርድዎ ተሰርቋል።"

"ሰማሁ። በዚህ በኩል እለፊ፣ ያዳልጣል።"

"ካልተገኘ እኮ አንድ ዶላር አይከፍሉዎትም።"

"ሰማሁ አልኩሽ።"

"አይናደዱም እንዴ?"

"ሞቋል?"

"ምኑ?"

"ውስጥ። ክፍሎቹ ሞቀዋል?"

"ሞቀዋል።"

"እንግዲህ" አሉና ጨዋቸውን መበተን ቀጠሉ።

ማርጆሪ ደብተሯን አወጣች። "ለሁሉም የምጠይቀው ነው፣ እንዳይቀየሙኝ። እሑድ ስምንት ሰዓት ላይ የት ነበሩ?"

"እሑድ እሑድ ቅድስት ሄድዊግ ምድር ቤት ነኝ። ለጾሙ ፒሮጊ ሽንኩርቱን የምልጠው እኔ ነኝ። ሴቶቹን ጠይቂያቸው።"

እሷም ጻፈች፦ እሑድ፣ ቤተ ክርስቲያን፣ ሽንኩርት።

* * *

የመጀመሪያው ተጠርጣሪ ማን እንደሆነ ለማወቅ መርማሪ መሆን አያስፈልግም። ግሌን ቫን ሆርን የቦርዱ ሰብሳቢ ነው፤ ሥራው ጣራ ነው። የክፍያውን ገደብ ያመጣውም እሱ ነው። ነጭ ጀልባ የታተመበት ወረቀት በየፖስታ ሳጥናችን ያስገባውም እሱ ነው፤ ከሥሩ "ይህን ጀልባ የገዛነው እኛ ነን" ይላል።

"እኔ ሌባ ነኝ?" አለ ግሌን። "እኔ ጣራ ሠሪ ነኝ!"

"በሁለቱ መሀል ልዩነት አለ ያለኝ ደንበኛህ የለም።"

"አትቀልጂ ማርጆሪ። ዓምና ሦስት ሰው ጡረታ ወጣ፣ ከፈልን። የሙዚቃ አስተማሪዋን ቦታ ግን እስከ ዛሬ አልሞላንም። ልጆቹ በማንኪያና በድስት ነው የሚለማመዱት። ሰው ስላልታመመ ይከፈለዋል እንዴ? እኔ ከጣራ ሳልወድቅ ለዋልኩበት ቀን ማን ከፍሎኝ ያውቃል?"

ነገሩ ሐሰት አልነበረም። ማርጆሪም አልተከራከረችውም።

"እሑድ የት ነበርክ?"

"ቤቴ። ኳስ እያየሁ።"

"ስምንት ተኩል ላይ ፒክአፕህን ትምህርት ቤቱ ጓሮ ያየ ሰው አለ።"

ያየሁት እኔ ነኝ፣ ውሻዬን ሳናፍስ። ግሌን ግን ማን እንደሆነ አልጠየቀም። ፊቱ እንደ ጡብ ቀላ።

"ጠበቃዬን ሳላማክር አልናገርም።"

"ጠበቃህ ወንድምህ አይደል?"

"ነው።"

"እሱ ፍሎሪዳ ነው ያለው። ጀልባው ላይ።"

ግሌን በሩን ዘጋባት።

* * *

ማክሰኞ ቅድስት ሄድዊግ ምድር ቤት ወረደች። ስድስት ሴቶች ረጅም ጠረጴዛ ዙሪያ ቆመው ለፒሮጊው ሊጥ ይቆርጣሉ፣ ድንች ይሞላሉ፣ ይጠቀልላሉ፣ ሰው ያማሉ።

"ካዝ? ነበረ እንጂ!" አሉ ስድስቱም ባንድ አፍ።

"እሑድ ስምንት ሰዓት ላይ?"

"የት ይሄዳል ብለሽ ነው? ያቺ ጥግ የሱ ናት።"

"ሽንኩርቱን የላጠው ማን ነው?"

"ካዝ ነዋ! ሌላ ማን ሊልጥልን ነው?" አለች ጄኔቪቭ ክሩፓ፣ ዋናዋ፣ በጣቷ ወደ ጥጉ እየጠቆመች። ጣቷ በፕላስተር ታሽጓል።

"ምን ሆንሽ?"

"ቢላ ነው፣ ተይው። ይልቅ አንቺ ከስተሻል፣ ባል ያጣሽውም ለዚህ ነው። እንቺ ያዢ።"

ማርጆሪ ስድስት ምስክርና አሥራ ሁለት ፒሮጊ ይዛ ወጣች። አራቱን እኔ በላሁ።

ከሰዓት በኋላ ቨርና ማፕን አውቶቡሷ ውስጥ አገኘቻት። ቨርና የትምህርት ቤት አውቶቡስ ሹፌር ናት። አባቷ ሎኒ ማፕ በዚያው ሕንፃ ከካዝ ጋር የሠራ የማታ ተረኛ ነበር፣ ከሞተ ስምንት ዓመቱ። ባለፈው ወር ስብሰባ ላይ ስለ መስታወቱ ስትሰማ ተነስታ የጮኸችው ጩኸት አሁንም ጆሮዬ ላይ አለ። በኛ ቦርድ ልማድ አንድ ሠራተኛ ጡረታ ሲወጣ ስሙና የቀሩት ቀኖች በአደባባይ ይነበባሉ። የሎኒ ተራ ሲደርስ "ማፕ፣ ዜሮ" ተብሎ ተነበበና ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ። ቨርና ያንን ሳቅ እስከ ዛሬ ይዛዋለች።

"ካርዱን ምን ላደርገው ነው የምሰርቀው?" አለች፣ መሪውን እየወለወለች። "ሳንድዊች ልጠቀልልበት?"

"ተናደሽ ነበር።"

"አሁንም ተናድጃለሁ። መናደድ በኒው ጀርሲ ወንጀል ከሆነ መንገዱ ባዶ ይቀራል።"

"ቨርና።"

"አባቴ ሳንባው አልቆ ነው የወጣው። ዜሮ የሆነው ሲተኛ ነው፣ ሲዋኝ አይደለም። የሱን ዜሮ ጮክ ብለው ካነበቡ በኋላ የሌላውን በመስታወት ሊሰቅሉልኝ ነው? ይስቀሉ። እኔ ግን ሌባ አይደለሁም።"

"እሑድ ስምንት ሰዓት ላይስ?"

"ማውንት ኦሊቭ ቤተ ክርስቲያን፣ መዘምራን መሀል። መቶ አርባ ሰው ሰምቶኛል። ሁለተኛው አዝማች ላይ ዜማ ስቻለሁ፣ ስለዚህ ማንም አይረሳውም።"

ማርጆሪ ጠየቀች። በእርግጥም ማንም አልረሳውም።

* * *

ረቡዕ ጠዋት የቀሩት አንድ ሰው ነበሩ፦ ቁልፉ ያላቸው።

"ሚስስ ቶሊቨር፣ ካርዱ ላይ ምን ነበር?"

"ምን ይኖረዋል? ባዶ ሣጥኖች ናቸዋ። የታመመ ሰው ሲኖር በሣጥኑ ምልክት አደርጋለሁ፣ ከሌለ ባዶ እተዋለሁ።" መነጽራቸውን አወለቁ፣ ጠረጉ፣ አደረጉ።

"ታዲያ ባዶ ወረቀት ማን ይሰርቃል?"

"እሱን የምትነግሪኝ አንቺ ነሽ፣ ፖሊሷ።" መነጽሩን ደግመው ጠረጉ።

"ኦዲተሩ ካርዱን ከሌላ መዝገብ ጋር ሊያመሳክር አስቦ ነበር?"

ሦስተኛ ጊዜ ጠረጉት። "ቁልፍ ያለው ሰው መሳቢያ አይሰብርም፣ ማርጆሪ።"

"ሌላ ሰው የሰበረው እንዲመስል ካልፈለገ።"

"ማርጆሪ ቴዴስኮ!" አሉ ሚስስ ቶሊቨር። "የሦስተኛ ክፍል የማርፈድ መዝገብሽ አሁንም እኔ ጋ ነው። አውጥቼ ለአለቃሽ እንዳልልክልሽ!"

ማርጆሪ ወጣች። አንድ የደበቁት ነገር እንዳለ ገብቷታል። ስርቆቱ ግን እንዳልሆነ ደግሞ ልቧ ይነግራታል። ቤቷ ገብታ በረንዳው ላይ ተቀምጣ፣ እኔ አጥሬን ቀለም እየቀባሁ በማርች ብርድ ለምን እንደምቀባ እየጠየቀችኝ ሳለ፣ የግሌን ፒክአፕ መጥቶ ቆመ።

ግሌን የተጨማደዱ ወረቀቶች ታቅፎ ወረደ። እኔን ሲያይ ሊመለስ ቃጣው።

"እሱ መስማት አይችልም" አለችው ማርጆሪ።

እኔም እንደማይሰማ ሆኜ መቀባቴን ቀጠልኩ።

ወረቀቶቹን ደረጃው ላይ ጣላቸው። በያንዳንዱ ላይ ነጭ ጀልባ አለ። ከሥሩ በእጅ "መልካም ጉዞ፣ ካፒቴን ካዝ" ተብሎ ተጽፏል።

"የኔው ደጋፊዎች ናቸው ቦይለር ክፍሉ በር ላይ የለጠፉት። ሰኞ ጠዋት ከማየቱ በፊት ልልጠው ነው እሑድ የሄድኩት። ሙጫው ጥፍሬን ነቀለው።"

"አንተ? ገደቡን ያመጣኸው?"

"ገደቡ ሌላ፣ ሰውየው ሌላ!" ድምፁን ዝቅ አደረገ። "እናቴ ሁለት ሥራ ስትሠራ እስክትመጣ የምጠብቃት የት ይመስልሻል? እዚያ ሙቀቱ ሥር፣ ባልዲ ገልብጬ። ክፍልፋይ ያስተማረኝ እሱ ነው፣ በግፊት መለኪያው። ለማንም እንዳትናገሪ፣ ምርጫ አለብኝ።"

"ማንን አየህ?"

"ማንንም። ጭሱን ብቻ ነው ያየሁት።"

"የምን ጭስ?"

"የቦይለሩን። እሑድ በትንሹ ስለሚነድ ጭሱ እንደ ክር ነው። ስምንት ተኩል ገደማ ግን እንደ ገመድ ወፍሮ ወጣ። አንድ ሰው ነክቶታል ማለት ነው።"

"ይህንን ሰኞ አትነግረኝም ነበር?"

"እዚያ ምን ትሠራ ነበር ልትዪኝ አይደል? ጣራ ሠሪ ወደ ላይ ያያል እንጂ አያወራም።"

ማርጆሪ ጀልባዎቹን ከደረጃው ሰበሰበቻቸው።

* * *

ሐሙስ ጠዋት ካዝ ጂም ውስጥ ለማታው ስብሰባ ወንበር ሲደረድሩ፣ እሷ ብቻዋን ቦይለር ክፍል ወረደች። ግድግዳው ላይ የካዝ የቦይለር ፈቃድ ተሰቅሏል፤ ጥቁር ማኅተም ያለበት፣ ዳሩ የተወለወለ። ከሥሩ መዝገቡ አለ። ፈቃድ ያለው ሰው ቦይለሩን በነካ ቁጥር ሰዓቱን፣ ግፊቱንና ውሃውን ጽፎ የስሙን ሁለት ፊደል ያኖራል። ያለፉት ዓመታት መዝገቦች መደርደሪያው ላይ ዓመት በዓመት ቆመዋል።

የመጨረሻውን ገጽ ገለጠች።

"እሑድ። 8፡20። ግፊት 5። ውሃ ደህና። ለሰኞ ውርጭ ከፍ ተደርጓል። ሲ.ዲ."

ሲ.ዲ.፣ ካዚሚር ዶብሮስኪ።

ደብተሯን አወጣች። "እሑድ፣ ቤተ ክርስቲያን፣ ሽንኩርት" ይላል። ካዝ ግን "እሑድ" አላሉም፣ "እሑድ እሑድ" ነው ያሉት። አልዋሹም። የሁልጊዜውን ነው የነገሯት፣ አንዱን እሑድ የጣለችው እሷ ናት። ሴቶቹም አልዋሹም። ካዝ ሁልጊዜ እዚያ ስለሚሆኑ ነበሩ አሉ። ሽንኩርቱን ግን ያን ቀን የላጠችው ቢላውን ያልለመደችው ጄኔቪቭ ናት፤ ጣቷ ይመሰክራል።

"አገኘሽው" አሉ ካዝ ከኋላዋ።

"ሰርቆ ሲያበቃ የሚፈርም ሌባ በሕይወቴ አላየሁም።"

"ውርጭ ነው የተባለው። ሰኞ ልጆቹ ሊበርዳቸው ነው። በቦይለር ክፍሉ በኩል ስገባ አየሁት፣ ነካሁት። ከነካሁት እጽፋለሁ።"

"ዝም ብለው ቢተዉትስ?"

"የቦይለር መዝገብ ላይ አይዋሽም፣ ማርጆሪ። ሰው ይሞታል።"

"ካርድ ላይስ?"

ካዝ የምሳ ዕቃቸውን ከፍተው በሰም ወረቀት የተጠቀለለችውን ሰማያዊ ካርድ አወጡ። ከዚያ ከመደርደሪያው የዘጠና ሦስትን መዝገብ ስበው ፌብሩዋሪ ላይ ዘረጉላት። ገጹ ከላይ እስከ ታች፣ ጠዋትም ማታም፣ አንድ እጅ ነው የጻፈው። ኤል.ኤም.፣ ኤል.ኤም.፣ ኤል.ኤም.።

"ሎኒ ማፕ" አለች ማርጆሪ።

"ቴሬሳ ተኝታ ነበር። ሆዷን ከፍተዋት፣ አትተርፍም ብለውኝ። ያኔ የሕመም ፈቃድ ለራስ ሕመም ብቻ ነው፣ ለሚስት ሕመም የለም። ከቀረህ ቀርተሃል፣ ሥራህንም ታጣለህ። ሎኒ ‘ሂድ’ አለኝ። ቀን የኔን ሠራ፣ ማታ የራሱን። ያ ሁሉ በረዶ የጣለበት ክረምት ነው። ሜይ ቶሊቨር ካርዴ ላይ ምንም አልጻፈችም፤ ጠይቄያት አይደለም፣ በራሷ ነው።"

"ሚስስ ዶብሮስኪስ?"

"ተረፈችልኝ። አሥራ አንድ ዓመት ጨመረችልኝ።" እጃቸውን በጨርቅ ጠረጉ፣ ባይቆሽሽም። "ሎኒ ግን ማርች ላይ በሳንባ ምች ወደቀ። ከዚያ ወዲያ ክረምት በመጣ ቁጥር ይተኛል። ቀኖቹ በዚያ አለቁ። ‘ማፕ፣ ዜሮ’ ብለው ሲያነቡ እኔ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ቁጭ ብዬ ነበር። ሲስቁበት ሰማሁ። ዝም አልኩ። አሁን የኔን በመስታወት ሊሰቅሉት ነው።"

"ለምን ወጥተው አይናገሩም ነበር?"

"ብናገር የምትያዘው ሜይ ናት። የሐሰት መዝገብ ያዘች ይሏታል። ካርዱ ከጠፋ ግን ጠፋ ነው። የሚሰቀል የለም፣ የሚጠየቅ የለም። የሚቀረው የኔ ገንዘብ ብቻ ነው፣ ይቅር።"

"ሚስተር ካዝ፣ የመንግሥት ሰነድ ነው የሰረቁት። ከተፈረደብዎት ጡረታዎም ይሄዳል። የሠላሳ ስምንት ዓመት ጡረታ!"

ካዝ ትንሽ አሰቡ። "እውነቱን ልንገርሽ? ታገኚዋለሽ ብዬ አላሰብኩም።"

ማርጆሪ ልትቆጣ ፈልጋ ሳቀች። ከዚያ ሳቋን ዋጠችና ካርዱንና የዘጠና ሦስቱን መዝገብ ገጥማ አስታቀፈቻቸው።

"እስከ ማታ አንድ ሰዓት ድረስ ምንም አላየሁም። ካርዱን ከእጅዎ ይዤ ነው ያገኘሁት ወይስ እርስዎ ራስዎ በስብሰባው ተናግረው፣ የምጽፈውን የሚመርጡልኝ እርስዎ ነዎት።"

* * *

ማታ ጂሙ ሞልቶ ሰው ግድግዳ ተደግፎ ቆመ። በኛ ስብሰባ ማንም ሰው ማይክሮፎኑ ጋ ሄዶ ሦስት ደቂቃ መናገር ይችላል፤ አብዛኛው ሰው ስለ መኪና ማቆሚያ ነው የሚናገረው። ካዝ የታጠበ ሸሚዝ ለብሰው፣ መዝገቡን በብብታቸው ይዘው ተነሱ።

"ካዚሚር ዶብሮስኪ" አሉ፣ የማናውቃቸው ይመስል። "ካርዱን የሰረቅኩት እኔ ነኝ። ይኸው።"

ጠረጴዛው ላይ አኖሩት። የሰው ድምፅ እንደ ንብ ተነሳ።

"አራት መቶ ሃምሳ ስድስት ይላል፣ ልክ አይደለም። አሥራ ዘጠኝ ቀን አልነበርኩም። በፌብሩዋሪ ዘጠና ሦስት ነው። ሚስቴ ጋ ነበርኩ። ቦይለሩን ያነደደው፣ በረዶውን የዛቀው፣ እናንተን ያሞቃችሁ ሎኒ ማፕ ነው። በኔ ምክንያት ታመመ፣ ቀኖቹ በኔ ምክንያት አለቁ። ሲሳቅበት ዝም ያልኩት እኔ ነኝ። አራት መቶ ሠላሳ ሰባት ብላችሁ አርሙት።"

ሚስስ ቶሊቨር ተራ ሳይጠብቁ ብድግ አሉ።

"ባዶ የተውኩት እኔ ነኝ!" አሉ። "ዛሬም ቢሆን ባዶ እተወዋለሁ። የምታባርሩኝ ከሆነ መነጽሬን ልያዝ።"

ግሌን ቫን ሆርን በሰብሳቢው የእንጨት መዶሻ ጠረጴዛውን መታ፣ ማንም ባይጮህም። ጉሮሮውን ጠረገ። "ሳጅን ቴዴስኮ፣ ከቦርዱ የጎደለ ነገር አለ?"

"አንድ መሳቢያ ተጣሟል።"

"ካርዱስ?"

"ፊትህ ነው።"

"እንግዲያው ቦርዱ ያቀረበው ክስ የለም። ስለ ሃያ ስድስት ዓመት ባዶ ሣጥንም ዛሬ አጀንዳ አልተያዘም። ተቃውሞ ያለው?" ከዘጠኙ የቦርድ አባላት አንዱም ቀና አላለም። "መሳቢያውን ማን ያቃናል?"

"ማን ሊያቃናው ነው?" አሉ ካዝ፣ ትንሽ ተቆጥተው። "እኔ ነኛ።"

ገደቡ በኋላ አምስት ለአራት አልፏል። ካዝም እንደማንኛውም ሰው አሥራ አምስት ሺሃቸውን ወሰዱ፣ በአሮጌው ደንብ ከሚያገኙት ግማሹን እንኳ አይሞላም። ግሌን ድምፁን ለገደቡ ሰጠ፣ ሲሰጥም ማንንም አላየም። ያን ማታ ግን ሰው ይዞት ወደ ቤቱ የገባው ወሬ ስለ ድምፁ አይደለም።

ከድምፁ በፊት፣ ካዝ ወደ ወንበራቸው ሊመለሱ ሲሉ፣ ከኋላ የቁልፍ ድምፅ ተሰማ። ቨርና ማፕ የአውቶቡሷን ቁልፍ በጣቷ እንዳንጠለጠለች በመሀል መተላለፊያው መጣች።

"ሦስት ደቂቃዬን እፈልጋለሁ" አለች። ማይክሮፎኑን ወደ አፏ ዝቅ አደረገችው። "አሥራ ዘጠኝ አይደለም።"

ካዝ መዝገቡን እንደያዙ ቆሙ።

"ካርዳችሁ የሥራ ቀን ብቻ ነው የሚያውቀው። ቦይለር ቅዳሜ የለውም፣ እሑድ የለውም፣ የፕሬዚዳንቶች ቀን የለውም። ያን ወር አባቴ አንድ ቀን እንኳ ከኛ ጋር ቁጭ ብሎ አልበላም። እናቴ ሳህኑን ሸፍና ትጠብቀው ነበር። ስንት ነው፣ ሚስተር ዶብሮስኪ? መዝገቡን ይዘውታል፣ ይቁጠሩት።"

ካዝ መዝገቡን ዘረጉ። ጣታቸውን ከላይኛው መስመር ላይ አኖሩና ቀኖቹን ጮክ ብለው መቁጠር ጀመሩ። አንድ። ሁለት። ሦስት። ሃያ ላይ ሲደርሱ ከፊት ረድፍ ሚስስ ቶሊቨር አብረው መቁጠር ጀመሩ፣ ከዚያ ሌላውም፣ ከዚያ እኔም። ወሩ ሃያ ስምንት ቀን ነበር። ሃያ ስምንቱም የሎኒ ነው።

"ሃያ ስምንት" አሉ ካዝ፣ ወደ ቨርና ዞረው። "ልክ ነሽ። ተሳስቻለሁ።"

"ጻፉት" አለች ቨርና ለቦርዱ።

ቃለ ጉባኤ የምትይዘው ሴት ብዕሯን አነሳች፣ ስሙን ግን አታውቀውም፣ አዲስ ናት። "ይቅርታ፣ ማፕ የሚጻፈው በአንድ ፒ ነው በሁለት?"

"በሁለት" አለች ቨርና። ቀጥ ብላ ቆማ ፊደል በፊደል አስጻፈቻት፣ ጽፋ እስክትጨርስ ድረስም በዚያ ሁሉ ሕዝብ መሀል አንድም ወንበር አልተንቀሳቀሰም።